የቢቢያኔ ሆደ ጠፍጣፋ ጀልባ

ቢቢያኔ ወደ ተወለደችበት ደሴት ወደ ኪንጋሊክ የተመለሰችው ለአንድ በጋ ብላ ነበር። አባቷ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ሲውሉ፣ በደቡብ ከምትማርበት የጀልባ ሥራ ትምህርት ቤት የሁለት ወር ፈቃድ ጠይቃ፣ አንድ ሻንጣ ይዛ መጣች። ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ሦስት ዓመት ተኙ። ሦስቱ ዓመት ሳያልቅ ሴቬሪንን አገባች። አባቷ ሲሞቱ ደግሞ ባሕሩ ዳር ያለው የጀልባ መሥሪያ ቤት ቁልፍ እሷ እጅ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ልሂድ ብላ በተነሳች ቁጥር የአንዱ ወይም የሌላው ጀልባ ያፈስሳል።

«ቢቢያኔ፣ ያቺ አሮጊት ደግሞ ውሃ መጠጣት ጀምራለች፤ እስኪ ብቅ በይና እያት» ይሏታል። ብቅ ትላለች። አንዱን ሳንቃ ስትነቅል ሦስቱ በስብሰው ታገኛለች። ሳምንት ያልፋል፣ መርከቡ ይመጣል፣ መርከቡ ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላ።

የያዛት ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ራሷም ታውቀዋለች። ሴቬሪን ጠፍጣፋ ዓሣ በረጅም ገመድ እያጠመደ የሚኖር፣ ድምፁ እምብዛም የማይሰማ፣ ጠዋት ከእሷ ቀድሞ ተነስቶ ምድጃውን የሚያነድ ሰው ነው። ልጅ አልሆነላቸውም፤ በዚያም ተወቃቅሰው አያውቁም። የመንደሩ ሰው ይወዳታል፣ ሥራዋ ይከበራል። በር የቆለፈባት ማንም የለም። ቢሆንም በየዓመቱ፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር እየጠበበ ይመጣና እስትንፋስ ያሳጥራታል።

ኪንጋሊክ ደሴት ናት፤ ከዳር እስከ ዳር በሃያ ደቂቃ ታልቃለች። በብርዱ ወራት ወሽመጡ ሙሉ በሙሉ ይረጋና ሰው ውሾቹን ጠምዶ ያሻው ቦታ ይደርሳል። በበጋ ደግሞ ጀልባ አለ። ችግሩ መካከሉ ላይ ነው። ፀሐይ መጥለቋን በምታቆምበት ሰሞን በረዶው ከታች እየተበላ ይሳሳል፤ ለውሻ አይጸና፣ ለጀልባ መንገድ አይለቅ። ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴ አምስት ሳምንት፣ መቶ ሠላሳ ሰው እርስ በርሱ ሲተያይ ይከርማል። ሱቁ ውስጥ መጀመሪያ ሽንኩርት ያልቃል፣ ከዚያ ትምባሆ፣ ከዚያ ትዕግሥት። ሄሊኮፕተሩም ቢሆን ጭጋግ ካለ አይነሳም፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ጭጋግ የማይኖርበት ቀን ጥቂት ነው።

በእንዲህ ያለው ሰሞን ነበር ኤሊያሰርን ሆዱን የያዘው። ኤሊያሰር ዓሣ ቤት የምትሠራው የኬቱራ ወንድም ነው። መጀመሪያ የበላው ነገር ነው ተባለ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ጨመረ፣ በአምስተኛው ቀን ሆዱ እንደ ሳንቃ ደረቀ። ከቤቱ ደጃፍ ቆመው ሲያዩት ሆስፒታሉ ያለበት የማዶው የኡማናክ ከተማ ተራራ ሰማዩ ላይ ተሰክቶ ይታያል። በሰባተኛው ቀን ሞተ። የሬሳ ሳጥኑን የሠራችው ቢቢያኔ ናት። ሣጥኑን መልጋ ስትጨርስ መላጊያዋን አላስቀመጠችም፤ ቁጭ ብላ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ጀርባ ላይ ንድፍ ጀመረች።

የምትፈልገው ነገር ሲናገሩት ቀላል ነው። በውሃ ላይ የምትንሳፈፍ፣ በረዶ ላይ ሲጎትቷት የምትንሸራተት፣ ሁለት ሰው አንስቶ ከባሕር ወደ በረዶ፣ ከበረዶ ወደ ባሕር የሚያወጣትና የሚያወርዳት፣ በሽተኛ የሚያስተኛ ቦታ ያላት ትንሽ ጀልባ። ሲሠሩት ግን አንዱ ሌላውን ይበላል። ቀላል ካደረጓት በረዶ ይሰብራታል። ጠንካራ ካደረጓት አትነሳም። አፍንጫዋ እንደ ማንኪያ ቀና ካለ በረዶ ላይ ትወጣለች፤ በጣም ቀና ካለ ደግሞ ነፋስ ያዞራታል።

ቢቢያኔ ትንንሽ አምሳያዎችን ከዓሣ ማሸጊያ ሳጥን ክዳን እየቀረጸች ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ታንሳፍፋለች። በረዶው ሰም ነው፤ ሻማ አቅልጣ፣ በምጣድ አስፍታ፣ ቆራርጣ ሳፋው ላይ ትበትነዋለች። ሴቬሪን አንዱን ጎን በካርቶን ይገፋላታል፣ እሷ ትመዝናለች፣ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።

«ዛሬስ ማን ሰጠመ?» ይላል ሲገባ።

«አሥራ ሰባተኛው።»

«ነፍስ ይማር።»

አማቷ፣ የሴቬሪን አባት ናታኔሊ ግን አልሳቁም። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን አቆስጣ የሚባለውን የባሕር አውሬ ሲያድኑ የኖሩ፣ ጣቶቻቸው ተጣመው እንኳ መንጠቆ የማይስቱ ሰው። አንድ ቀን መሥሪያ ቤቱ መጥተው ግማሽ የደረሰችውን ጀልባ ዙሪያዋን ዞሩና በእግራቸው ጫፍ ሆዷን ነካ አደረጉ።

«ምነው ሆዷ እንደ ገበታ ጠፍጣፋ ሆነሳ?»

«እንድትንሸራተት ነው አባባ። ክብ ከሆነች ስትጎተት ትገላበጣለች፤ በሽተኛውን ትደፋዋለች።»

«አቆስጣ በረዶ ላይ ሲወጣ ሆዱ ጠፍጣፋ ነው?»

«አቆስጣ በሽተኛ አይጭንም።»

«እሱስ አይጭንም» አሉ። «ግን በረዶ ሲይዘው ሽልክ ይላል። ይቺን ሲይዛት በምን ትወጣለች? ማዕዘን ማዕዘን ነው ያደረግሻት። በረዶ ደግሞ ማዕዘን ይወዳል፤ እንደ ጉጠት ነው የሚይዝልሽ። አያቴ የሠሯት የቆዳ ጀልባ ሲገፏት ትታዘዝ ነበር። ይቺ ልጅ አትታዘዝም፣ እንደ ሠሪዋ ናት።»

ቢቢያኔ ተናደደች። ሽማግሌው ትክክል ሊሆኑ እንደሚችሉ ገብቷት ስለነበር ይበልጥ ተናደደች። ክብ ሆድ ለመሥራት ግን ሳንቃውን በእንፋሎት ማጠፍ ያስፈልጋል፣ ለዚያ ሌላ ዓመት ይፈጃል፤ እሷ ደግሞ ሌላ ዓመት የላትም። ይህን ለማንም አልተናገረችም። በመጋቢት መጨረሻ ሄሊኮፕተሩ ባመጣው ፖስታ ውስጥ ከሲሲሚዩት ከተማ ደብዳቤ መጥቶላት ነበር። አንድ የጀልባ ፋብሪካ ንድፎቿን አይቶ፣ ከሐምሌ ጀምሮ ንድፍ ክፍል ውስጥ እንድትሠራ ጠርቷታል። ደብዳቤውን አንብባ አጣጠፈችና በልኬት ደብተሯ መሐል ሸጎጠችው። ሴቬሪን ያንን ደብተር ከፍቶ አያውቅም።

ልትነግረው አሰበች። እራት ላይ አሰበች፣ መረብ ሲጠግኑ አሰበች። እሱ ቀና ብሎ «ምን አልሽ?» ሲላት «ምንም» ትላለች። በመጨረሻ ጀልባዋን ጨርሳ፣ ለመንደሩ አስረክባ፣ የመጀመሪያው መርከብ ሲመጣ እነግረዋለሁ ብላ ወሰነች። ያቺ ጀልባ ለሰዉ የምትተወው ካሣ መሆኗ ነበር።

ጀልባዋ በግንቦት ማብቂያ አለቀች። በኮምፔንሳቶ የተሠራች፣ ከታች ሁለት በላሜራ የተለበጡ መንሸራተቻ እግሮች ያሏት፣ አምስት ሜትር የማትሞላ፣ ቢጫ ቀለም የተቀባች። ሴቬሪን ጉልበቱን አሞት ስለነበር ለሙከራው ቤት ሆኖ ሬዲዮ እንዲጠብቅ ተስማሙ።

«ብቻሽን ማ ሊለቅሽ!» አሉ ናታኔሊ። «እኔ እሄዳለሁ። ስትሰጥም ደግሞ ማየት እፈልጋለሁ።»

ጠዋት ወጡ። እስከ ቀትር ድረስ ነገሩ ሁሉ እንደ ሕልም ሆነላት። ውሃ ባለበት ሞተሩ ይገፋቸዋል። በረዶ ሲያጋጥም አፍንጫዋ ቀስ ብላ ትወጣለች፤ ሁለቱም ዘለው ይወርዱና፣ በገመድ ስበው፣ በላሜራው እግር ሸርተት አድርገው አሻግረው እንደገና ውሃ ውስጥ ይለቋታል። ከወሽመጡ ማዶ ወደ ባሕሩ የወጣው ጥቁር ቋጥኝ ድረስ ሄደው፣ ሻይ ጠጥተው፣ የደረቀ ዓሣ በልተው ተመለሱ። ናታኔሊ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ከእሳቸው አፍ ይህ ምስጋና ነው።

ወደ ቤት ሊደርሱ ስምንት መቶ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ነፋሱ ዞረ። ከምዕራብ፣ ከተከፈተው ባሕር በኩል መጣ። የተበታተነው በረዶ ሁሉ ወደ ደሴቷ ይነዳ ጀመር፤ ከፊታቸው ያለው ቀጭን የውሃ መንገድ ዓይናቸው እያየ ተዘጋ። ከኋላም ተዘጋ። ጀልባዋን በቶሎ በረዶ ላይ ለማውጣት ሞከሩ፤ ናታኔሊ ቀድመው ሲወርዱ የበሰበሰው ጠርዝ ከእግራቸው ሥር ተናደና እስከ ወገባቸው ባሕር ውስጥ ገቡ። ቢቢያኔ በካፖርታቸው ኮሌታ ጎትታ መለሰቻቸው። ሱሪያቸውን አውልቀው ጨመቁ፤ ትርፍ የሱፍ ሱሪዋን አውጥታ አለበሰቻቸው።

«ያበጠው ይፈንዳ!» አሉ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ። «በስተርጅና የምራቴን ሱሪ ለበስኩ።»

በረዶው ለመሄድ ይሳሳል፣ ለመቅዘፍ ይወፍራል። ጀልባዋ በሁለት ትልልቅ የበረዶ ገበታዎች መካከል እንደ ሽብልቅ ተቀርቅራ ቆመች። ከተቀመጡበት የመንደሩ ቤቶች፣ ቀይና ሰማያዊ፣ በሮቻቸው ጭምር ይታያሉ። ልብስ ሲሰጣ ይታያል። ውሾች ሲጮሁ ይሰማል። ሰዉ ሁሉ ዳር ወጥቶ መነጽር እየተቀባበለ ያያቸዋል፤ ማንም ግን አይደርስባቸውም። ሄሊኮፕተሩ ደቡብ ላይ በጭጋግ ተይዟል።

ሬዲዮው በየቤቱ ያለ ነው፤ የአንዱን ወሬ ሁሉም ይሰማል። መጀመሪያ የገባችው ኬቱራ ነበረች።

«ቢቢያኔ፣ ከዚህ ሆኜ ሳይሽ የተቀመጥሽበት ሰፈር ያምራል። ኪራዩ እንዴት ነው?»

«ኪራዩ ርካሽ ነው፤ ጎረቤት ነው ያስቸገረን።»

«አማትሽ ናቸው የሚያንኮራፉት ወይስ በረዶው ነው?»

«እሰማሻለሁ አንቺ!» አሉ ናታኔሊ መነጋገሪያውን ነጥቀው። «ስመጣ ምላስሽን በመንጠቆ ነው የማወጣው።»

መንደሩ ሁሉ በየቤቱ ሲስቅ ይታወቃቸዋል። ሴቬሪን ግን አልሳቀም። በየሰዓቱ እየገባ «እንዴት ናችሁ?» ይላል፤ «ደህና ነን» ትለዋለች፤ «እሺ» ብሎ ይዘጋል።

ፀሐይ አትጠልቅም፤ ዝም ብላ በአናታቸው ዙሪያ ትዞራለች። ያ ብርሃን ለቢቢያኔ ከጨለማ የከፋ ሆነባት። ዓይኗን ብትጨፍንም ይገባል። መንደሩ እዚያው ነው፣ ተራራው እዚያው ነው፣ የራሷ ቤት መስኮት እዚያው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታየው የኖረችው ነገር ከዚህ ከተቀረቀረችበት ሆና እንኳ አልለቀቃትም፤ ፊቷ ተደቅኖ ያፈጥጥባታል። አንድ ጊዜ ድንገት መጮህ አማራትና ጓንቷን ነክሳ ዋጠችው። ናታኔሊ አይተዋታል። ከኪሳቸው ደረቅ ዓሣ አውጥተው ትልቁን ግማሽ ሰጧት።

በማግስቱ ጠዋት ነፋሱ በረታ። በምዕራብ በኩል ያለው ገበታ መግፋት ጀመረ። የጀልባዋ ጎድኖች መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ ደግሞ አጥንት ሲሰበር እንደሚሰማው እየሆኑ ይጮሁ ጀመር። ሽማግሌው እንዳሉት ነው፤ በረዶው ማዕዘኗን እንደ ጉጠት ይዟታል። አንድ ሳንቃ በረጅሙ ተሰነጠቀና ውሃ ብቅ አለ።

ቢቢያኔ አእምሮዋን አስጨንቃ ማሰብ ጀመረች። ሳፋው ውስጥ ይህንን አይታዋለች። አምሳያዋ በሰም ተይዛ ስትጨመቅ፣ ክብደት ወደ አንድ ጎን ሲጫንባት ሸርተት ብላ ከላይ የወጣችበት ጊዜ ነበር፤ የሰጠመችበትም ነበር። ክብደቱ ወደ አንዱ ጎን ሲሆን አወጣት፣ ወደ ሌላው ጎን ሲሆን አሰጠማት። የትኛው? አርባ ጊዜ ሞክራለች፤ ብርዱና እንቅልፍ ማጣቱ ሁሉንም ደባልቆባታል። ልቧ ወደሚገፋው በረዶ ተጫኚ፣ ግፊቱን በግፊት መልሺ ይላታል። ልቧን አላመነችውም።

«ሴቬሪን፣ ሴቬሪን፣ ትሰማለህ?»

«እሰማለሁ።»

«መሥሪያ ቤት ግባ። ጠረጴዛው ላይ የልኬት ደብተሬ አለ። የሰሙን ሙከራ የጻፍኩበትን ገጽ ፈልግልኝ። ሠላሳ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ የወጣችበት። ክብደቱ ወደ የትኛው ጎን እንደነበረ ንገረኝ። ቶሎ በል!»

ያ በሽተኛ ጉልበቱ እንዴት እንዳደረሰው እንጃ፣ በመነጽር የሚያዩት ሁሉ ሲሮጥ አዩት። ቢቢያኔ መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ እንደ ለጠፈች ደብዳቤው ትዝ አላት። ጊዜው ግን አልፏል።

ሬዲዮው ሲከፈት መጀመሪያ ትንፋሹ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ወረቀት ተንኮሻኮሸ።

«ሴቬሪን?»

«አገኘሁት» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። «ሠላሳ ሁለት። ‹ከሚገፋው በረዶ በተቃራኒ፤ የክብደቷ ሲሶ፤ ወጣች› ይላል። ሠላሳ ሦስት፤ ‹ወደሚገፋው፤ ሰጠመች›። ሰማሽ? በተቃራኒ ነው።»

«ሰማሁ። በተቃራኒ።»

«ደብዳቤም አለ» አለ ሴቬሪን።

መንደሩ በሙሉ እያዳመጠ ነው። ኬቱራ አላስቻላትም፤ «የምን ደብዳቤ?» ስትል ተሰማ።

«የቤታችን ጉዳይ ነው» ብሎ ሬዲዮውን ዘጋ።

ቢቢያኔ ለመደንገጥም ጊዜ አልነበራት። ሞተሩን ፈትታ፣ ነዳጁን፣ ገመዱን፣ መልሕቁን፣ ያለውን ሁሉ ወደ ምሥራቁ ጎን አከማቸች። ከዚያ እሷና ናታኔሊ ጎን ለጎን ጠርዙ ላይ ተጋደሙ፤ ግማሽ አካላቸው ከጀልባዋ ውጭ ተንጠልጥሎ፣ ፊታቸው ከበረዶው አንድ ክንድ ርቆ።

«ልትሄጂ ነው?» አሉ ሽማግሌው እንደተጋደሙ።

«አባባ፣ አሁን?»

«አሁን ካልጠየቅኩሽ መቼ ልጠይቅሽ? ትንሽ ቆይተን ሁለታችንም የዓሣ ቀለብ ልንሆን እንችላለን።»

«ልሄድ ነበር።»

«እኔ በሃያ ዓመቴ ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ላይ ቦታ አግኝቼ ነበር» አሉ። «ጀልባው ሊወስደኝ ሲመጣ እናቴ ዳር ቆማ ምንም ሳትል አየችኝ። ብትለኝ ኖሮ እሄድ ነበር። ዝም አለች። ዝም በማለቷ ቀረሁ። እስካሁን እናደድባታለሁ።»

ጀልባዋ ከሥራቸው ከባድ ድምፅ አሰማች። ምዕራቡ ጎኗ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ የበረዶው ጠርዝ ከሆዷ ሥር ገባ፣ ተንሸራተተ፣ ገፋ። ሌላ ሳንቃ ተሰበረ። ከዚያ አንድ ጊዜ ተነቅንቃ፣ እየፋቀች፣ እየተንጋደደች፣ ሙሉ በሙሉ ገበታው ላይ ወጥታ ተጋደመች። ሁለቱ ሰዎች ተንከባለው ከሥሯ ወደቁ። በረዶው ግን ሳይሰበር ተሸከማቸው። ከዳር ሰው ሁሉ ሲጮህ ተሰማ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ዞረና በረዶው ተበታተነ። ሴቬሪንና ሁለት ጎረቤቶቹ በትንሽ ጀልባ፣ ጫፉ ብረት በሆነ ዘንግ እየገፉ መጥተው ወሰዷቸው። ሴቬሪን መጀመሪያ አባቱን አቅፎ አስገባ። ቀጥሎ ለእሷ እጁን ሰጣት። ሁለት ጣቶቿን ብቻ ይዞ ነበር፤ ግን እስከ ዳር ድረስ አለቀቃቸውም።

ቤት ገብተው፣ ደረቅ ልብስ ለብሳ፣ የአቆስጣ ቅቅሉን በሰሃን ካቀረበላት በኋላ ነው የተናገረው።

«መቼ ልትነግሪኝ ነበር?»

«መርከቡ ሲመጣ።»

«መርከቡ ላይ ተሳፍረሽ?»

ቢቢያኔ ሾርባው ላይ አቀረቀረች። «አልቻልኩም። ይኼ ቦታ ጠበበኝ ሴቬሪን። አንተ አይደለህም።»

«እኔ ይዤሽ አላውቅም።»

«አውቃለሁ። ብትይዘኝ ኖሮ እጅህን መንጭቄ እሄድ ነበር።»

ሴቬሪን ለሁለት ሳምንት ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልወጣውም። ምድጃውን እንደ ወትሮው ያነዳል፤ ይወጣል፣ ይገባል። እሷ ደግሞ የተሰባበረችውን ጀልባ ስትፈታታ ሰነበተች፤ ለመሄድ አልሞከረችም፣ ለመቅረትም አልወሰነችም። መርከቡ ወሽመጡ አፍ ላይ ሲያፏጭ ሴቬሪን ከጓዳ ሻንጣዋን ይዞ ወጣ። ታሽጓል።

«ማን እሸግልኝ አለህ?» ብላ ጮኸችበት።

«ማንም።»

«እየገፋኸኝ ነው?»

«አባቴ በረዶው ላይ ያሉሽን ነግረውኛል» አለ ሴቬሪን፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር። «እኔ ዳር ቆሜ ዝም አልልም። ሂጂ ነው የምልሽ። ጮክ ብዬ ነው የምልሽ። ብትቀሪ ደግሞ በራስሽ ቅሪ፣ በእኔ አታሳብቢ።»

መንገዱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ፣ እሷ ሻንጣውን ስትነጥቀው፣ እሱ መልሶ ሲነጥቃት፣ ሰዉ እያያቸው ዳር ደረሱ። ኬቱራ የዓሣ ቤት ሽርጧን እንዳደረገች መጥታለች። «የኔን ጀልባ ማን ሊጠግን ነው?» ብላ ጀመረችና የቢቢያኔን ፊት ስታይ ተወችው። «ይሁን፣ ባልዲ አለኝ። እየቀዳሁ እደፋለሁ።»

ናታኔሊ ትከሻዋን ይዘው፣ «ሆዷን ክብ አድርጊና ላኪልን» ብቻ አሉ። ቢቢያኔ ተሳፈረች።

ሲሲሚዩት ውስጥ የሰጧት ክፍል መስኮቱ ከአንድ መጋዘን ግድግዳ ጋር ይተያያል። ንድፍ ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በሃያ ዓመት የሚያንሱ ልጆች «እማማ» ይሏታል፤ በአንደኛው ሳምንት አስቀየማት፣ በሦስተኛው ለመደችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጀልባ ጠግኚልኝ የሚላት ሰው ሳይኖር ንድፍ ብቻ ስትነድፍ ዋለች። ክብ ሆድ ያላትን ነደፈች። መንሸራተቻ እግሮቹን ወደ ጎን አራቀቻቸው፤ ስትጎተት እንዳትገለበጥ። ፋብሪካው አንዷን ሠርቶ ከብርዱ ወራት በፊት በሚነሳው በመጨረሻው መርከብ ወደ ኪንጋሊክ ላከ። በዚያው መርከብ መመለሻ ሴቬሪን መጣ። ዓሣ ማቀነባበሪያ ውስጥ ሥራ ያዘ፤ ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው ያጠመደውን ይቆርጣል። አይወቅሳትም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደብ ወርዶ የሰው ጀልባ ሲያይ ይውላል።

ናታኔሊ የሞቱት በቀጣዩ ግንቦት፣ በዚያው መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ነው። ስልክ ሲደወል ሁለቱም ያለ ምንም ጥያቄ ተነሱ። ኡማናክ ድረስ በረሩ። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም። ጭጋጉ ወርዷል፣ በረዶው በስብሷል። ስድስት ቀን በአንድ ጠባብ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ተቀመጡ። ሴቬሪን መስኮት ሥር ቆሞ ጭጋጉን ያያል። ዞር ይላል፣ እንደገና ይመለሳል። ቢቢያኔ አልጋው ላይ ሆና ጀርባውን ስታይ፣ ትከሻው ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ አወቀችው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በራሷ ደረት ውስጥ ታውቀው ነበር።

«ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነበርክ እንዴ?» አለችው።

«ዓመቱን ሙሉ አይደለም» አለ ሳይዞር። «ከጥር ወዲህ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«‹ምን አልክ?› ስትዪኝ ‹ምንም› እልሽ ነበር» አለ። ሁለቱም ሳያስቡት ሳቁ፤ ከዚያ ሴቬሪን መስኮቱ ላይ ግንባሩን አስደግፎ አለቀሰ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ወደቡ ላይ ጫጫታ ሆነ። ክብ ሆድ ያላት ጀልባ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለች፤ ኬቱራና ባሏ በገመድ እየጎተቱ፣ ውሃ ሲያገኙ እየገቡ፣ አሥራ ሦስት ሰዓት ተጉዘው መጥተዋል። የኬቱራ ፊት በብርድ ተልጧል።

«ቶሎ ግቡ» አለች። «አባትህን በረዶ ቤት አስቀምጠን እየጠበቅናችሁ ነው። እሳቸውም መቆየት ሰልችቷቸዋል።»

በመመለሻው መንገድ በረዶው አንድ ጊዜ ያዛቸው። ቢቢያኔ እጇን ጎድኑ ላይ ጭና ጠበቀች። ጀልባዋ ትንሽ አቃሰተች፣ ወገቧን አላላች፣ ከዚያ ማንም ሳይነካት ሽልክ ብላ ወደ ላይ ወጣች። ሴቬሪን አፉን በጓንቱ ሸፈነ።

ናታኔሊን ከመንደሩ በላይ፣ ድንጋዩ መሐል ቀበሯቸው። ጭጋጉ ሲገለጥ ሄሊኮፕተሩ መጣና ቢቢያኔ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሴቬሪን የአባቱን ውሾች የሚረከብ ሰው እስኪያገኝ ቀረ።

«ትመጣለህ?» አለችው።

«መስከረም ላይ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይደለሁም» አለ። «ብቀር ግን በስልክ እነግርሻለሁ። ጮክ ብዬ።»

ስልክ የደወለው በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ነበር፤ እንደማይመጣ ሊነግራት መስሏት ከወንበሯ ተነሳች። የደወለው ግን መርከቡ ዘግይቶ ነው። በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ሳጥን ደረቅ ዓሣ ተሸክሞ ደረሰ፤ ክፍሉን ያከራየቻቸው ሴት ኮሪደሩ ሸተተ ብላ ለአንድ ሳምንት አኮረፈቻቸው።